«የማን ልጅ ናት?» - የትዳር ምርጫችንን የሚመራው የባህል ሚዛን

ጥር ሲገባ በክልላችን ገጠሮች ዳሱ ይጣላል። እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፤ ለጠላው ጌሾ፣ ለድግሱ ጤፍ አለ፤ ዐቢይ ጾምም ገና አልያዘም። የሠርጉ ወቅት ከእርሻው ወቅት ጋር መግጠሙ በአጋጣሚ አይደለም። ከወቅቱም አልፎ «ማን ማንን ያግባ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ለብዙ ዘመን ሲመለስ የኖረው በመሬት፣ በበሬና በዘር ነው።

ይህ ማለት ግን ገጠሩ መዋደድን አያውቅም ማለት አይደለም። በጥምቀት ዕለት ጎረምሳው ለወደዳት ልጃገረድ ሎሚ ይወረውራል። በነሐሴ አጋማሽ በዋግ ኽምራ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ሲደርስ ልጃገረዶች ለምለሙን ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው በአደባባይ ይጨፍራሉ። ባህሉ ለመተያየት ቀን ሰጥቷል። ቀኑን ሲሰጥ ግን ዓይን ምን ማየት እንዳለበትም አስተምሯል። የድድና የአንገት ንቅሳት ለአያቶቻችን የቁንጅና ጌጥ ነበር፤ ከልጅ ልጆቻቸው መካከል ዛሬ ንቅሳቱን እንደ ውበት የሚያይ ብዙ አይገኝም።

ሽማግሌ ተልኮ «ልጅዎን ለልጃችን» ሲባል የልጅቷ አባት ቶሎ መልስ አይሰጥም፤ ቀጠሮ ይሰጣል። ቀጠሮው ለክብር ብቻ አይደለም፤ ዘር መቁጠሪያም ነው። በአባትም በእናትም እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ዝምድና ከተገኘ ነገሩ እዚያው ይቀራል። በአንድ ቀበሌ የሚኖሩ ቤተሰቦች አብዛኛውን ጊዜ የሚዛመዱ በመሆናቸው ሙሽራ የሚፈለገው ራቅ ካለ አጥቢያ ነው።

ሰው ሰባት ትውልድ በቃሉ የሚያጠናው ለጋብቻ ሲል ብቻ አልነበረም። አለን ሆበን የተባሉ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ተመራማሪ በጎጃም ደጋ ዳሞት ያካሄዱትን ጥናት በ1973 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትመዋል። በዚያ እንደሚታየው የርስት መብት ከመጀመሪያው ባለ መሬት ጀምሮ በአባት በኩልም በእናት በኩልም ይቆጠር ነበር። እንግዲህ የዘር ሐረጉን የማያውቅ ሰው መሬት መጠየቂያ አልነበረውም። የባልና የሚስት የርስት መብት ደግሞ በልጆቻቸው ላይ ይገናኛል፤ ስለዚህ «የማን ልጅ ናት?» የሚለው ጥያቄ በውስጡ «ልጆቻችን ነገ የት ያርሳሉ?» የሚለውንም ይዞ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ የርስት ክርክር አበቃ። ቆጠራው ግን አላበቃም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ በጎን ከሚቆጠሩ የሥጋ ዘመዶች መካከል የሚከለክለው ከእኅት ወይም ከወንድም፣ ከአክስት ወይም ከአጎት ጋር መጋባትን ነው። ሽማግሌዎቻችን ግን ዛሬም ሰባት ይቆጥራሉ። እኔ በዚህ ቅሬታ የለኝም። ሽማግሌዎችን ከከብት አርቢ ጋር ማነጻጸሬ ባይሆንም፣ ስለ እንስሳት ርባታ የተማረ ሁሉ የቅርብ ዘመዳሞች መዳቀል በዘር የሚተላለፍ በሽታን እንደሚያባብስ ያውቃል፤ ይህ በሰውም ያው ነው።

ከዘር ቀጥሎ የሚመዘነው ሙያ ነው። ወንዱ ትልሙ ቀጥ ይላል ወይ፣ በሬ መግራት ያውቃል ወይ ይባላል። ለሴቷ እንጀራዋ ዓይን ያወጣል ወይ፣ ፈትሏ ይቀጥናል ወይ፣ እንግዳ ትቀበላለች ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ይህ ለከተማ ሰው ከፍቅር የራቀ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር ካልተቀናጀ ማረስ አይችልም። ስለዚህ ሁለቱ ቤተሰቦች ለሙሽሮቹ የሚሰጡት ከብት አዲሱ ጎጆ ራሱን ችሎ መቆም አለመቆሙን የሚወስን ነገር ነው። ወላጆችም የሚሰጡት ጥሪት እንዲመጣጠን ስለሚፈልጉ ባለ ብዙ ከብት ከባለ ብዙ ከብት፣ ደኻም ከደኻ ጋር ይጋባል። በኢትዮጵያ ገጠሮች በጋብቻ ጥሪት ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ይህንኑ ያሳያሉ።

የሚከብደው የክብር ጉዳይ ነው። ብር አምባር የቤተሰብ ስም ማስከበሪያ ሆኖ በመቆየቱ ብዙ አባቶች ልጃቸው «ሳትበላሽ» ለመዳር ቸኩለዋል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በአገር ደረጃ ከ25 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች ግማሾቹ በ17 ዓመታቸው ገደማ ወይም ከዚያ በፊት ማግባታቸውን አሳይቷል። የወንዶቹ አኃዝ ወደ 24 ዓመት ይጠጋል። በዚህ የዕድሜ ልዩነት ውስጥ ምርጫው የማን እንደነበረ ማወቅ አያስቸግርም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ ይመሠረታል ይላል፤ ሕጉ የሚጠይቀው ዕድሜም 18 ዓመት ነው። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅን ያገባ ሰው ልጅቷ 13 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆናት እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። አባት ዘር ለመቁጠር ቀጠሮ መስጠት ከቻለ፣ በዚያው ቀጠሮ ልጁን ጠርቶ «አንቺስ ትፈቅጃለሽ?» ማለት የሚያቅተው አይመስለኝም።

ሌላው በግልጽ የማይወራው የትዳር ድንበር የእጅ ባለሙያዎች ጉዳይ ነው። ገበሬው ማረሻውን ከቀጥቃጩ ይወስዳል፤ ሚስቱ ምጣዱንና ጀበናውን ከሸክላ ሠሪዋ ትገዛለች፤ ጋቢውን የሠራው ሸማኔው ነው። ልጅ ለማጋባት ሲሆን ግን «ቡዳ» የሚለው ስም ይነሣል። በጎንደር አካባቢ በብረትና በሸክላ ሥራ ይታወቁ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያንም ይኸው ስም ተለጥፎባቸው ኖረዋል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም በሙያቸው የተነሣ የጋብቻ ጥያቄያቸው የሚመለስባቸው ወጣቶች አሉ። ሰባት ቤት ቆጠራ ዝምድናን ለመለየት ሲሆን ይጠቅማል፤ የአንድን ሰው ቅድመ አያት ሙያ ፍለጋ ሲሆን ግን ከጤናም ከመሬትም ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ንቀት ብቻ ነው።

ዛሬ ሚዛኑን ከምንም በላይ እየለወጠ ያለው ያው መሬት ነው። በክልላችን የመጨረሻው ሰፊ የመሬት ድልድል የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ነበር፤ በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ አሁን 30 ዓመት ሊሞላው ተቃርቧል። ድርሻው ከአባቱ ማሳ ላይ የሚቆረስ እንጂ ከቀበሌ የሚሰፈር አይደለም። ትልሙ ቀጥ ያለ ወጣት ቢሆንም የሚተልምበት ከሌለው ሙያው ለትዳር ብዙ አያስቆጥርለትም። በዚህ መሐል ወደ ዓረብ አገር ሄዳ የተመለሰች ልጅ ለትዳሩ ከወንዱ የበለጠ ጥሪት ይዛ ልትመጣ ትችላለች፤ ገንዘቡ የእሷ ሲሆን በምርጫው ላይ ያላት ድምፅም ይጠነክራል።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተርም የራሱን ለውጥ አምጥቷል። በጋራ ይዞታ ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ይሰፍራል። ቀድሞ ትዳር ሲፈርስ ብዙ ሴቶች ወደ ወላጆቻቸው ቤት ባዶ እጃቸውን ይመለሱ ነበር፤ አሁን የሚያቀርቡት ማስረጃ አለ። ሽማግሌ ሲላክ የሚነሣውም ጥያቄ ከዚሁ ጋር እየተለወጠ ነው። ዘሩ ተቆጥሮ ካለቀ በኋላ «ስንት በሬ አለው?» ብቻ አይባልም። ምን ይሠራል? ከወላጆቹ የሚተላለፍለት መሬት አለ ወይ? ደብተሩ ላይ የልጃችን ስም ይገባል ወይ?