እንቆቆና የእርጅና መድኃኒት

በመስከረም ወር በሐድያ ያሆዴ፣ በከምባታም መሳላ ሲከበር ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ በየመንደሩ ሰንጋ ይጣላል፤ ክትፎው ከቆጮ ጋር ይቀርባል፤ ጥሬ ሥጋም ይቆረጣል። በዓሉ አልፎ ሰንበትበት ሲል ግን የኮሶ ትል የታየበት ሰው የሽማግሌ ምክር መፈለጉ አይቀርም። ከምክሮቹም አንዱ «እንቆቆ ጠጣ» የሚል ነው።

እንቆቆ ክብና ጥቃቅን የሆነ የዱር ፍሬ ነው። ደርቆ ይወቀጥና በውኃ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል። በውስጡ ያለው ዋናው ንጥረ ነገር ኤምበሊን ይባላል።

ይኸው ኤምበሊን ቪዳንጋ በሚባለው የሕንድ አገር ዘመዱም ውስጥ ይገኛል። የሕንድ ጥንታውያን ሐኪሞች ቪዳንጋን ትል ከመግደሉም በላይ እርጅናን ከሚያዘገዩት መድኃኒቶች ጋር ቈጥረውታል። በዘመናችንም ተመራማሪዎች ኤምበሊንን ለአይጦች ሰጥተው የአንጎላቸውን ሕዋሳት ከጉዳት ሲከላከል ተመልክተዋል። ይህን የሰማ ፈተና የደረሰበት ተማሪ፣ ወይም ፋይል ያስቀመጠበት የጠፋው ጸሐፊ፣ ወደ ገበያ ለመሮጥ ይቃጣው ይሆናል።

እኛ ግን ቆም ይበል እንላለን። ለአይጥ የበጀ ሁሉ ለሰው ይበጃል ማለት አይደለምና። እንዲያውም በ1985 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ ጥናት ቪዳንጋና የእኛው የኮሶ አበባ ለጫጩቶች በተሰጡ ጊዜ ዓይናቸውን እንደ ጎዱ አስረድቷል። አንጎልን ይጠብቃል የተባለው ፍሬ ዓይንን የሚነሣ ከሆነ ትርፉ ምንድን ነው? ትል የሌለበት ሰው ዕድሜ ለማራዘም ብሎ እንቆቆ ቢጠጣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆንበታል።

ይህን ስንል የአያቶቻችንን ዕውቀት መናቃችን አይደለም። እነርሱ እንቆቆን ትል ሲታያቸው ጠጡት እንጂ እንደ ቡና በየማለዳው አልጠጡትም። መጠኑንና ጊዜውን መለየትም ራሱ ዕውቀት ነው። ስለዚህ በሆሳዕና በዋቸሞ ዩኒቨርስቲ የሚማሩ ወጣቶች ለዕረፍት ወደየቤታቸው ሲመለሱ ሽማግሌዎችን እየጠየቁ፣ ፍሬው እንዴት እንደሚለቀም፣ ስንት እንደሚወቀጥ፣ ለማን እንደሚከለከል ቢጽፉ ለነገ ተመራማሪ ትልቅ ስንቅ ያኖራሉ።

እስከዚያው ድረስ ትል የታየበት ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ትሉን የሚገድል የተመጠነ ክኒን አለና። ሥጋውንም አብስሎ ቢበላ ከእንቆቆም ከክኒኑም ይድናል። አንጎሉ እንዳያረጅ የሚመኝም መጽሐፉን አይዝጋ፤ እንቅልፉን አይንሣ፤ እግሩንም ከመራመድ አያስንፍ።