ቤሄንትሪሞኒየም ክሎራይድ፦ ፀጉር አለስላሹ ንጥረ ነገር

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ደጋ ላይ ያሉ አካባቢዎች ናቸው። በበጋ አየሩ ሲደርቅ በፕላስቲክ ማበጠሪያ የተበጠረ ፀጉር ይንጣጣል፣ ይቆማል፣ ሲብስም ይሰበራል። ፍትጊያው ፀጉሩ ላይ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያጠራቅማል፤ እርጥብ አየር ቶሎ የሚያጠፋውን ቻርጅ ደረቅ አየር ያቆየዋል። ኮንዲሽነር ውስጥ ይህን ችግር እንዲያቃልሉ ከሚጨመሩት አንዱ ቤሄንትሪሞኒየም ክሎራይድ የተባለው ሰው ሠራሽ ውህድ ነው። «ኬሚካል ነው» ተብሎ በጅምላ ከመወገዙ በፊት ሥራውና መጠኑ ሊታይ ይገባል።

የሞለኪውሉ አንድ ጫፍ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ናይትሮጅን ነው፤ ሌላው 22 ካርቦኖች የተቀጣጠሉበት ቅባታማ ጅራት ነው። እርጥብ ፀጉር ገጹ ኔጌቲቭ ስለሚሆን ናይትሮጅኑን ይስባል፤ ጅራቱ ወደ ውጭ ቀርቶ ፀጉሩን ያለሰልሳል። ሪላክሰርና ቀለም የጎዱት ፀጉር ይበልጥ ኔጌቲቭ በመሆኑ ውህዱ በብዛት የሚጣበቀው እዚያው ጉዳቱ ያለበት ቦታ ነው። ውኃና ቅባት ሳይለያዩ አንድ ክሬም ሆነው እንዲቆዩ የሚያግዘውም ይኸው ባለ ሁለት ጫፍ ባሕርዩ ነው።

«ለጋ ቅቤ እያለ ይህ ለምን?» የሚል ይኖራል። ቅቤ ፀጉርን ሸፍኖ ፍትጊያን ይቀንሳል፤ ክብሩም አይነካም። ነገር ግን ከፀጉር ጋር የሚያያይዘው ቻርጅ የለውም፤ ሻምፖ ጠርጎ ይወስደዋል። ኮንዲሽነር ግን ከሻምፖ በኋላ ተቀብቶ ቢታጠብም ስስ ሽፋን ትቶ ይሄዳል። «የፋብሪካ ነገር ነው» ለሚለውም መልስ አለ፤ የውህዱ ጅራት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ኢሩሲክ አሲድ ከበዛበት የጎመን ዘር ዘይት ነው። ምጣድ የምናስስበት የአገራችን ጎመን ዘርም በዚህ አሲድ የታወቀ ነው።

ይህ ማለት ግን እንደ ልብ ይጨመር ማለት አይደለም። መጠኑ ሲበዛ ዓይንና ቆዳ ይቆጠቁጣል። የአውሮፓ ኅብረት በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ ጣሪያው ታጥቦ ለሚወርድ ምርት 5 በመቶ፣ ፀጉር ላይ ለሚቀር 3 በመቶ ነው። በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የመዋቢያ ምርቶችን ቁጥጥር ያካትታል። ስለዚህ ክሬም የምታዘጋጁ ሁሉ በግምት ሳይሆን በሚዛን ጨምሩ፤ የይዘቱን ዝርዝርም በግልጽ ጻፉ። ገዢዎችም ዝርዝር የሌለውን ጠርሙስ አትግዙ።