በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የጥቁር ተማሪዎች የባህል ማዕከላት

የጥቁር ተማሪዎች የባህል ማዕከላት በብዛት የሚገኙት የነጭ ተማሪዎች ቁጥር በሚያመዝንባቸው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ነው። ነባሮቹ በአብዛኛው እ.ኤ.አ. ከ1968 በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት የተከፈቱ ናቸው። ከዚያ በፊት ከፍተኛ ትምህርት የሚሻ ጥቁር ወጣት በብዛት የሚያመራው ሃዋርድን ወደመሳሰሉ፣ ለጥቁሮች ወደተመሠረቱ ዩኒቨርሲቲዎች ነበር። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና የ1965ቱ የከፍተኛ ትምህርት ሕግ የሌሎቹን በር ሲከፍቱ ተማሪዎቹ ገቡ፤ ዶርሙ፣ ትምህርቱና መዝናኛው ግን እነሱን አስቦ የተሰናዳ አልነበረም። ኤፕሪል 4 ቀን 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል የታመቀው ቅሬታ ገነፈለ።

በቀጣዩ ወር በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ወደ መቶ የሚጠጉ ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ የሚሰበሰብበትን ሕንፃ ይዘው 38 ሰዓት ቆዩ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ የራሳቸው መሰብሰቢያ ነበር፤ ብላክ ሃውስ የተባለው ማዕከል የዚያ ድርድር ፍሬ ነው። በኮርኔል ነገሩ ከረረ። በኤፕሪል 1969 ጥቁር ሴት ተማሪዎች በሚኖሩበት ዋሪ ሃውስ ደጃፍ መስቀል ተቃጠለ፤ ይህ የነጭ ዘረኞች ቡድን የሆነው የኩ ክለክስ ክላን የታወቀ ማስፈራሪያ ነው። በማግሥቱ የዩኒቨርሲቲው ጥቁር ተማሪዎች ዊላርድ ስትሬት የተባለውን አዳራሽ ያዙ። ጥቃት ፈርተው ጠመንጃ አስገቡ፤ ከ36 ሰዓት በኋላ ታጥቀው ሲወጡ የተነሣው ፎቶግራፍም የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። የዬልና የፐርዱ ዩኒቨርሲቲዎች ማዕከላት የተቋቋሙት በዚያው ዓመት ነው።

ከዚሁ ትግል የአፍሪካና የጥቁር አሜሪካውያን ጥናት ክፍሎችም ተወልደዋል። የጥናት ክፍሉ ያስተምራል፣ ይመራመራል፤ ማዕከሉ የተማሪውን ኑሮ ይይዛል። አዲስ ገቢው ከነባር ተማሪ ጋር የሚተዋወቀው፣ አስጠኚ የሚያገኘው፣ የገንዘብ ወይም የመድልዎ ችግር ሲገጥመው ምክር የሚጠይቀው እዚያ ነው። የፐርዱ ማዕከል የራሱ ቤተ መጻሕፍት፣ መዘምራን፣ የዳንስ፣ የቲያትርና የጸሐፍት ቡድኖች አሉት። ሆኖም ከዝግጅቶቹ ሁሉ ይልቅ ዋጋ ያለው፣ ተማሪው ማንነቱን ሳያስረዳ አረፍ የሚልበት ቤት መኖሩ ነው። ዛሬ ከሚገለገሉባቸው መካከል ከኢትዮጵያ፣ ከናይጄሪያና ከካሪቢያን የሄዱ ስደተኞች ልጆችም አሉ።

ማዕከላቱ ተማሪውን በዘር ይነጥላሉ የሚለው ክስ የቆየ ነው። በቻፕል ሂል የሚገኘው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ማዕከሉ በ1988 የተማሪዎች ሕንፃ ውስጥ በጠባብ ክፍል ጀመረ። የምሥረታው ደጋፊ የነበሩት መምህርት ሶንያ ሄንስ ስቶን በ1991 ሲያርፉ፣ ተማሪዎች በስማቸው ራሱን የቻለ ሕንፃ እንዲሠራ ጠየቁ። ቻንስለሩ ክፍፍል ያመጣል ብለው መጀመሪያ ተቃወሙ። በ1992 ሰልፉ በረታ፤ የፊልም ባለሙያው ስፓይክ ሊም መጥቶ ተማሪዎቹን ደገፈ። ሕንፃው በ2004 ተከፈተ። ክሱ የሚዘነጋው ነገር ቢኖር፣ ጥቁሩ ተማሪ ቀኑን የሚያሳልፈው ነጮች በሚበዙበት ክፍልና ካፌ መሆኑን ነው።

ማዕከላቱ እርስ በርስ ሐሳብ የሚለዋወጡበት ማኅበርም በ1980ዎቹ መጨረሻ በኢሊኖይ፣ በኖክስ ኮሌጅ መሠረቱ። ያም ሆኖ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ማዕከላት ዕጣ በየክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት እጅ ነው። በብዝኃነትና አካታችነት ሥራዎች ላይ ገደብ የጣለው የቴክሳስ ሕግ በጃንዋሪ 2024 ሥራ ላይ ዋለ። በዚያው ዓመት ዩታም ተመሳሳይ ሕግ አወጣች፤ የዩታ ዩኒቨርሲቲም ከተከፈተ ገና ጥቂት ዓመታት የሆነውን የጥቁሮች ባህል ማዕከሉን ዘጋ።