ከምጽዋ በሰው መኪና መውጣት

ለዕረፍት ወደ ምጽዋ የሚወርደው ሰው ብዙ ነው፤ መውረዱም ቀላል ነው። ችግሩ የሚገለጠው ለመመለስ በታሰበ ጊዜ ነው። በተለይም የራሱ ኦቶሞቢል የሌለውና አውቶቡሱ ያመለጠው መንገደኛ፥ በመንገድ ዳር ቆሞ የሰው መኪና ከመለመን በቀር ሌላ ብልሃት አይኖረውም። ጣሊያኖች ይህን አካሄድ «አውቶስቶፕ» ይሉታል። የእኛ ቋንቋ የተለየ ስም አላወጣለትም፤ ነገር ግን ጠባዩን የሚገልጥ አነጋገር አለው። በአውቶቡስ የሄደው «ተሳፈርሁ» ሲል፥ በካሚዮን የሄደው «ሾፌሩ ጫነኝ» ይላል። ለዕቃ የሚነገረው ግሥ ለሰው መነገሩ ያለ ምክንያት አይደለም፤ መንገደኛው በእርግጥ ከዕቃው ጋር ተቈጥሮ የሚሄድ ነውና።

ከምጽዋ እስከ አሥመራ ያለው መንገድ 115 ኪሎሜትር ያህል ነው። በዚህ አጭር ርቀት መኪናው ከባሕር ዳር ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደሆነ ከፍታ ይወጣል። ከወደቡ ዕቃ የጫነ ካሚዮን ዳገቱን የሚወጣው በከባድ ማርሽ እየተንፏቀቀ ስለሆነ፥ ሾፌሩ በዳገት ላይ ለቆመ ሰው ብሎ ፍሬን አይዝም። ስለዚህ መኪና የሚለመነው ከሜዳው ላይ ነው፤ ወይም ሾፌሮች አረፍ በሚሉበት በጊንዳዕ ነው።

ብዙ እንግዶች በጥዋለት ደሴት ከሆቴላቸው በር ቆመው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ይህ ድካም ብቻ ነው። በዚያ የሚያልፈው መኪና የትኛው በከተማው ውስጥ እንደሚዞር፥ የትኛውም ደጋውን እንደሚወጣ አይለይም። ደሴቶቹን ከምድሩ ጋር የሚያገናኘውን ግድብ ተሻግሮ፥ ከከተማው ቤቶች አልፎ፥ የአሥመራው መንገድ ብቻውን ከሚቀርበት ላይ መቆም ይሻላል። ሰዓቱም ሳይነጋ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ የምጽዋ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላልና። እሑድ ማታ ደግሞ ተስፋ የሚጣልበት አይደለም፤ የሚመለሱት ትንንሽ ኦቶሞቢሎች በቤተ ሰብና በጓዝ የተሞሉ ናቸው።

ከመውጣት በፊት ዋጋ መነጋገር ይገባል። በአገራችን ልማድ ሾፌሩ በቸርነት የሚጭን ቢመስልም፥ ሲወርዱ አንድ ነገር እንዲሰጡት ይጠብቃል፤ በነፃ ነው ብሎ የገመተ እንግዳና ሾፌሩ በአሥመራ መግቢያ ላይ ሲከራከሩ ማየት ደስ አያሰኝም። ሁለተኛው ነገር የመቀመጫው ስፍራ ነው። በጋቢና ውስጥ ሆኖ መሄድ አንድ ነገር ነው፤ ከጭነቱ አናት ላይ ተንጠልጥሎ መሄድ ግን ሌላ ነው። ደጋው በጋ በሆነበት ወራት የምሥራቁ ተዳፋት ዝናምና ጉም ይለብሳል፤ በባሕር ዳር ልብስ ከጆንያ ላይ የተቀመጠው ሰው ነፋሲት ሳይደርስ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ብርዱስ ያልፋል፤ በየመታጠፊያው ጭነቱ ሲያጋድል የሚመጣው አደጋ ግን አያልፍም። ባለዕቃው ነጋዴም ሰው ከዕቃው ላይ እንዳይወጣ ቢከለክል አልፈርድበትም፤ ጆንያው ቢቀደድ የሚከስረው እርሱ ነው፤ ሰው ቢወድቅም ከነገሩ አያመልጥም። በጋቢና ለሚቀመጥ አንድ ሰው ግን ቢፈቅድ ምንም አይጐዳም።

ነገር ግን ሁሉ የሚያያዘው ከካሚዮኑ ብዛት ጋር ነው። በቀድሞ ዘመን ከምጽዋ የሚወጣው ዕቃ ሦስት መንገድ ነበረው። የባቡሩ ሐዲድ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1887 ተጀምሮ በ1911 አሥመራ ገባ። በ1937 ደግሞ ከ70 ኪሎሜትር በላይ የሚረዝመው የሽቦ መንገድ፥ ቴሌፌሪካ የተባለው፥ ሥራ ጀመረ። ይህ በኋላ ፈረሰ፤ ባቡሩም በ1970ዎቹ በጦርነቱ ምክንያት ቆመ። ሐዲዱ ታድሶ በ2003 እንደገና አሥመራ ቢደርስም፥ ከዚያ ወዲህ ያገለገለው በይበልጥ ለጐብኝዎች ነው። ስለዚህ የጭነቱ ሸክም በመኪናው መንገድ ላይ ወደቀ። በ1998 የድንበሩ ጦርነት ሲነሣ ግን ወደ ኢትዮጵያ የሚያልፈው ዕቃ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ከምጽዋ የሚወጣውም ካሚዮን አነሰ። በመንገድ ዳር የቆመው መንገደኛ የጉምሩክን መዝገብ ሳያይ የንግዱን መቀዝቀዝ በእግሩ ድካም ያውቀዋል።

እስከ ጧቱ ሦስት ሰዓት ድረስ የሚጭን ያልተገኘ እንደሆነ፥ ወደ ከተማው ተመልሶ ለሚቀጥለው አውቶቡስ ቦታ መያዝ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ያለው ፀሐይ ቆመው የሚጠብቁበት አይደለም።