ሃምሳኛዋ ኪሎዋት ሰዓት

የመብራት ታሪፍ ሰውንም ቤተሰብንም አያውቅም፤ የሚያውቀው ቆጣሪን ነው። ከአንድ ቆጣሪ ሥር አንዲት ጡረተኛ እናት ብቻቸውን ቢኖሩ፣ ወይም ዋናውን ቤትና የጓሮውን ሰርቪስ ክፍሎች የሞሉ ስድስት ቤተሰቦች ቢኖሩ፣ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ያም አንድ ደንበኛ ነው፣ ይህም አንድ ደንበኛ ነው። የቤት መብራት ዋጋ እንዴት እንደሚሰላ ለማወቅ ከዚህ መነሣት ይሻላል። ድጎማው ለማን እንደሚደርስና ማንን እንደሚያልፍ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነውና።

ቢሉ ላይ የሚሰፍረው መለኪያ ኪሎዋት ሰዓት ነው። አንድ ሺህ ዋት የሚስብ ዕቃ አንድ ሰዓት ሲሠራ የሚፈጀው ኃይል ማለት ነው። ባለ 10 ዋት አምፖል አንዲቷን ኪሎዋት ሰዓት ለመጨረስ መቶ ሰዓት መብራት አለበት፤ በየምሽቱ አምስት ሰዓት ቢበራ እንኳ በወር አንድ ተኩል ቢፈጅ ነው። ስልክ ቻርጅ ማድረግማ ከቁጥር አይገባም። ፍሪጅ በቀን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ግድም ይወስዳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከነዚህ ሁሉ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ከ3 እስከ 4 ሺህ ዋት ይስባል። አንድ ሰዓት ተኩል ከተጋገረበት 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሄደ ማለት ነው፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጋገር ከሆነ ምጣዱ ብቻውን በወር ከ40 በላይ ይበላል። አከራይና ተከራይ በአምፖልና በቴሌቪዥን ሲነታረኩ በሚያመሹበት ግቢ፣ ቢሉን የሰቀለው ብዙ ጊዜ ምጣዱ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ሰባት እርከን አለው። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የመጀመሪያው ነው፤ ቀጥሎ እስከ 100፣ ከዚያ በየመቶው እየጨመረ እስከ 500፣ በመጨረሻም ከ500 በላይ። በ2011 ዓ.ም. ተጀምሮ በአራት ደረጃ በተተገበረው ማስተካከያ ማብቂያ ላይ፣ የታችኛው እርከን አንዲት ኪሎዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ግድም ነበረች። በሁለተኛው እርከን 77 ሳንቲም፣ ከ101 እስከ 200 ባለው 1 ብር ከ63፣ ከ201 እስከ 300 ባለው 2 ብር፣ ከ500 በላይ ደግሞ 2 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ። ከመስከረም 2017 ወዲህ ዋጋው በየሦስት ወሩ ስለሚጨምር ቁጥሮቹ ዛሬ ከፍ ብለዋል፤ ትንሽ የሚጠቀም በርካሽ፣ ብዙ የሚጠቀም በውድ የሚለው አካሄድ ግን አልተለወጠም። በላዩ ላይ ወርኃዊ የአገልግሎት ክፍያ አለ። በወር ከ200 ኪሎዋት ሰዓት በላይ የሚጠቀም ቤት ደግሞ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጨመርበታል።

ጭማሪው ለምን እንዲህ ተደራረበ የሚል ሰው ወደ ኋላ ሄዶ ማየት አለበት። ከ1998 ዓ.ም. እስከ 2011 ዓ.ም. ታሪፉ ንቅንቅ አላለም። በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ ዶላር ከ9 ብር ግድም ተነሥቶ 28 ብር አካባቢ ደረሰ። ትራንስፎርመሩም፣ ገመዱም፣ ቆጣሪውም በአመዛኙ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነው፤ ደንበኛው የሚከፍለው ግን ያው የጥንቱ ሳንቲም ነበር። የሕዳሴው ግድብ ተመርቆ ሳለ ዋጋ ይጨምራል ወይ የሚለው ጥያቄ ከታክሲ እስከ ለቅሶ ቤት ይሰማል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ግድቡ ኃይል ያመነጫል እንጂ ሰፈር ውስጥ የዘመመውን ምሰሶ አያቃናም። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ማመንጨቱ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለቤት ማዳረሱና ገንዘብ መሰብሰቡ ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ሆኖ ተለያይቷል፤ ቢላችን የሚመጣው ከሁለተኛው ነው።

ቢሉ የሚወለደው ከሁለት ቁጥሮች ነው፦ ከቀድሞው ንባብና ከአሁኑ ንባብ። ልዩነታቸው የወሩ ፍጆታ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ቆጣሪ አንባቢው በር ተዘግቶበት ቢመለስ ወይም ንባቡ በግምት ቢሞላ፣ ያልተነበበው በቀጣዩ ወር ተጠራቅሞ ይመጣል። በየወሩ 50 የምትጠቀም ቤት የሁለቱ ወር ፍጆታዋ በአንድ ወር 100 ሆኖ ከተመዘገበ፣ ቁጥሩ ላይ ስሕተት ሳይኖር እርከኑ ይሳሳታል። ስለዚህ ቢል ሲመጣ መጀመሪያ መታየት ያለበት የብሩ መጠን ሳይሆን የንባቡ ቁጥር ነው፤ ቆጣሪው ላይ ካለው ጋር ይገጥማል ወይ? የስንት ወር ነው? የካርድ ቆጣሪ ይህን ጣጣ አያውቅም። አስቀድመህ ትሞላለህ፣ ሲያልቅ ይጠፋል። ለድኅረ ክፍያ ደንበኛም ቢሆን በቴሌብርና በባንክ መክፈል ከተቻለ ወዲህ የወር መጨረሻው ሰልፍ ቀንሷል፤ ንባቡን ግን ቴሌብር አያርመውም።

ወደ ስድስቱ ቤተሰቦች እንመለስ። እያንዳንዳቸው በወር 50 ኪሎዋት ሰዓት ይጠቀማሉ እንበል። ስድስት ቆጣሪ ቢኖራቸው፣ በዚያው በ27 ሳንቲሙ ሒሳብ ለኃይሉ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ 13 ብር ከ50 ሳንቲም ግድም በቂ ነበር፤ ሁሉም ታችኛው እርከን ላይ ይቀመጣሉ። በአንድ ቆጣሪ ሥር ሲሆኑ ግን ድምሩ 300 ነው። በዚያ እርከን አንዷ ኪሎዋት ሰዓት 2 ብር፣ ማለትም ከሰባት እጥፍ በላይ ናት። ከ200 ስላለፉም ታክሱ ይመጣባቸዋል። ለድኻ ተብሎ የተቀመጠው ርካሽ ዋጋ ቪላ ውስጥ ብቻቸውን ለሚኖሩ ሰው ይደርሳል፣ ልብስ አጥባ የምታድረውን ተከራይ ግን ያልፋታል። የታሪፉ ትልቁ ጉድለት ይህ ይመስለኛል፤ አውጪዎቹ ክፉ ስለሆኑ ሳይሆን፣ ወረቀት ላይ አንድ ቆጣሪ አንድ ቤተሰብ ስለሚመስል ነው።

ግቢዎች የራሳቸውን መላ ይፈልጋሉ። አንዳንዱ አከራይ በአምፖልና በሶኬት ቆጥሮ ያስከፍላል፣ አንዳንዱ ምጣድ ይከለክላል፣ አንዳንዱ መብራትን ከኪራዩ ጋር ጠቅልሎ ይገላገላል። ጠንቃቃው ከገበያ አነስተኛ ቆጣሪ ገዝቶ በየክፍሉ ያስገጥማል። ይህ ጠብን ያበርዳል፤ ማን ምን ያህል እንደፈጀ ይታያልና። ግን የሚያካፍለው ከላይኛው እርከን የወረደውን ቢል ነው፤ ታችኛውን ዋጋ አይመልስም። አዲስ ቆጣሪ ማስገባት የሚችለው ደግሞ ባለይዞታው እንጂ ተከራዩ አይደለም፤ ባለይዞታው ቢሉን ለተከራዮች እስካካፈለ ድረስ የሚያጣድፈው ነገር የለም። ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። ቤቱ ጠባብ ቢሆንም ቆጣሪው የራሱ ነው፤ ምጣዱን በቁጠባ ከተጠቀመበት ከ50 በታች የመውረድ ዕድል አለው።