ጆሴፍ ራይትና የእንግሊዝ ባላገር አነጋገር

እንግሊዝኛ ሲባል ሁላችንም የምናስበው በመማሪያ መጽሐፋችን ያለውን ነው። ነገር ግን በዚያው በእንግሊዝ አገር የአንዱ አውራጃ ባላገር አነጋገር ከሌላው እጅግ ይለያል። ይህን አነጋገር በመዝገበ ቃላት ያኖረው ጆሴፍ ራይት የተባለ ሊቅ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ራይት በ1855 ዓ.ም. በዮርክሻየር ከድኻ ቤተ ሰብ ተወለደ። በ6 ዓመቱ ድንጋይ በሚፈለጥበት ስፍራ የአህያ ጋሪ ይነዳ ነበር፤ ጥቂት ቈይቶም በሶልቴር ፋብሪካ ተቀጠረ። እስከ 15 ዓመቱ ማንበብም መጻፍም አያውቅም ነበር። በ1870 ፈረንሳይና ፕሩሲያ ሲዋጉ የጦርነቱን ወሬ ራሱ ከጋዜጣ ለማንበብ ጓጓና ፊደል መቍጠር ጀመረ። በ1876 ባጠራቀመው ገንዘብ ባሕር ተሻግሮ ከአንትወርፕ እስከ ሃይደልበርግ በእግሩ ተጓዘ። በ1885 በዚያው ዩኒቨርሲቲ ዶክተር፣ በ1901 በኦክስፎርድ ፕሮፌሰር ሆነ።

በዚያ ዘመን ብዙ የተማሩ ሰዎች የባላገሩን ንግግር የተበላሸ እንግሊዝኛ አድርገው ይቈጥሩት ነበር። ራይት ግን በ1892 ያደገበትን የዊንድሂልን አነጋገር ሰዋስው ጽፎ የራሱ ሕግ ያለው መሆኑን አስረዳ። የዮርክሻየር ሰው «ሌይክ» ቢል መጫወት ማለቱ ነው። ይህ ቃል ስሕተት አይደለም፤ ከ1000 ዓመት በፊት ከስካንዲናቪያ በመርከብ መጥተው በዚያ የሰፈሩት ሰዎች ትተውት የሄዱት ነው።

አስቸጋሪው ነገር የጊዜ ማጠር ነበር። ምድር ባቡርና ትምህርት ቤት በየገጠሩ በገባ ቍጥር ልጆች የአያቶቻቸውን ቃል እየተዉ የመጽሐፉን ይይዙ ጀመር። ትምህርትን ያን ያህል ለተራበ ሰው ይህን ማየት ምንኛ ግራ የሚያጋባ ነው! ከ1873 ጀምሮ አንድ ማኅበር ቃላቱን ይሰበስብ ነበር፤ ራይት ያንን ተረክቦ፣ በመቶ የሚቈጠሩ ፈቃደኞች በቍራጭ ወረቀት እየጻፉ የላኩለትንም ጨምሮ አዘጋጀው። ከቃሉም ጋር የልጆች ጨዋታ፣ የበዓልና የመከር ልማድ አብሮ ተጻፈ። ለሥራው ከራሱም ኪስ ገንዘብ አውጥቷል። መጽሐፉ ከ1898 እስከ 1905 በ6 ቅጽ ታተመ።

ቀድሞ ተማሪው የነበረችው ሚስቱ ኤልዛቤት ሜሪ ራይት በሥራው ረዳችው፤ በ1913ም ስለ ባላገሩ አነጋገርና ልማድ የራሷን መጽሐፍ አወጣች። ለጀማሪ አንባቢ ከመዝገበ ቃላቱ ይልቅ የእርሷ መጽሐፍ የሚቀል ይመስለኛል።

ራይት በ1930 ሞተ። ከ1950 እስከ 1961 ደግሞ በሊድስ ዩኒቨርሲቲ የሃሮልድ ኦርተን ረዳቶች በ313 ስፍራዎች እየተዘዋወሩ፣ ከ1000 በላይ ጥያቄዎች ይዘው፣ በተለይ በዕድሜ የገፉትን ገበሬዎች ላምና በሬውን፣ ማረሻና ድርቆሹን ምን ብለው እንደሚጠሩት ጠየቁ።