ዋዲ ሐኒፋ፦ ከመንገዱ በፊት ውኃው ታከመ

ከሪያድ ከተማ በስተምዕራብ የሚገኘው የዋዲ ሐኒፋ ሸለቆ ዛሬ የነዋሪዎች የእግር ጉዞና የብስክሌት ስፍራ ነው። በውኃው ዳር የተዘረጋው መንገድ ደልዳላ በመሆኑ ጋሪ የሚገፉ ወላጆችም ሆኑ አረጋውያን ብዙ ሳይደክሙ ይጓዙበታል። በሁለቱም ወገን የተምር ዛፎችና ሸምበቆ ይታያሉ። ይህ ሁሉ ግን ለረጅም ጊዜ ያልነበረ ነው።

ሸለቆው ከጡወይቅ አምባ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። ስሙን የወረሰው በጥንቷ የማማ ምድር ይኖር ከነበረው የበኑ ሐኒፋ ጎሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የድርዒያ ጥንታዊ ሰፈር አጥ-ጡረይፍም የተመሠረተው በዚሁ ሸለቆ ዳርቻ ነው። ለዘመናት የአካባቢው እርሻና የተምር አትክልት ሕይወት የሸለቆው ውኃ ነበር።

ሪያድ በፍጥነት መስፋፋት ስትጀምር ግን ዋዲው ተጎዳ። ለግንባታ የሚሆን ድንጋይና አፈር ተቆፍሮ ወጣበት፤ የፍርስራሽና የቆሻሻ መጣያ ሆነ፤ ውኃውም ተበከለ።

በሸለቆው ዓመቱን ሙሉ የሚፈሰው ውኃ በአብዛኛው ከዝናብ የተገኘ አይደለም። ከሪያድ የመጠጥ ውኃ ሰፊው ድርሻ የባሕር ውኃ ነው፤ በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ጨዉ ከተለየ በኋላ በቧንቧ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ከባሕር ወለል 600 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ወደምትገኘው ከተማ ይደርሳል። አገልግሎት ከሰጠ በኋላ የታከመው ፍሳሽና ከከተማዋ ሥር የሚወጣው የከርሰ ምድር ውኃ ወደ ዋዲው ይለቀቃሉ። ስለዚህ ውኃውን ማጽዳት በብዙ ወጪ የተገኘን ሀብት ከብክነት ማዳን ነው።

የከተማዋ የልማት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2001 የጀመረው የማገገሚያ ሥራ ይህንን ቅደም ተከተል ጠብቋል። በመጀመሪያ ቆሻሻው ተነሣ፤ የጎርፉም መውረጃ ተስተካከለ። ቀጥሎ ውኃው በተፈጥሮ ዘዴ እንዲጣራ ተደረገ። ከዝቅተኛ እርከኖች ሲወርድ አየር ይቀላቀልበታል፤ በድንጋዮቹና በተክሎቹ ሥር የሚኖሩ ደቂቅ ሕዋሳት ብክለቱን ይበላሉ፤ ዓሦችም የበኩላቸውን ያግዛሉ። ከዚህ ጋር የእግር መንገዶች፣ የቤተሰብ መቀመጫዎችና መናፈሻዎች ተሠሩ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2010 የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማትን አግኝቷል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው የሪያድ የስፖርት ጎዳና ደግሞ ዋዲ ሐኒፋን በምሥራቅ ከሚገኘው ከዋዲ አስ-ሱለይ ጋር ያገናኛል። ከ135 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት እንዲኖረው የታቀደው ይህ ጎዳና ለእግረኞች፣ ለብስክሌተኞችና ለፈረሰኞች የተለዩ መንገዶች አሉት፤ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎቹም እ.ኤ.አ. በ2025 ተከፍተዋል።

ወደ ሸለቆው ለሚሄዱ ወገኖች በሙቀቱ ወራት ተመራጩ ሰዓት ከፈጅር ሶላት በኋላ ወይም ከመግሪብ በኋላ ነው። ዝናብ ሲጥል ዋዲው በድንገት ስለሚሞላ ከመውረጃው መራቅ ያስፈልጋል። ውኃው ጠርቶ ቢታይም ለመጠጥ አይሆንም። ጉዞው ሲያበቃ የምግብና የመጠጥ ዕቃን ሰብስቦ መመለስም የጎብኚው ድርሻ ነው፤ ሸለቆውን ቀድሞ ከጎዱት ነገሮች አንዱ የሚጣልበት ቆሻሻ ነበርና።